ለእረፍት ስትወጡ ሜትር ያዙ፦ የሐዲድ ስፋት የሚናገረው ታሪክ

«ለገሃር ወራጅ አለ!» ብላችሁ ከታክሲ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ሳታውቁት ፈረንሳይኛ ተናግራችኋል። «ላ ጋር» በፈረንሳይኛ «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው። የጣቢያው ሠራተኞች በፈረንሳይኛ ሲጠሩት የሰማው የአዲስ አበባ ሰው ቃሉን በራሱ አፍ አለዘበውና የሰፈር ስም አደረገው።

«ባቡር» የሚለው ቃልም ቢሆን ረጅም መንገድ ተጉዟል። መነሻው «ቫፖሬ» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። ቃሉ በቱርክኛና በዐረብኛ በኩል ዞሮ ወደ እኛ ሲደርስ «ባቡር» ሆነ። በገጠር የእህል ወፍጮ «ባቡር» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በእንፋሎትም ሆነ በሞተር የሚጮህ ማሽን ሁሉ ባቡር ነበር። በባሕር ላይ የሚሄድም ባቡር ስለነበረ በየብስ የሚሄደው ተለይቶ «ምድር ባቡር» ተባለ።

ቃላት እንዲህ ናቸው፤ ተናጋሪ እስካላቸው ድረስ ይኖራሉ። ብረት ግን እንደዚያ አይደለም። ባቡሩ ሥራውን ሲያቆም ሐዲዱ ይነቀላል፣ ፉርጎው ይዝጋል፣ የቀረው በኪሎ ይሸጣል። ስለዚህ በሚቀጥለው የእረፍት ጊዜያችሁ ወደ ድሬዳዋም ሂዱ፣ ወደ ሃምቡርግም ሂዱ፣ አንድ ነገር በቦርሳችሁ ያዙ፦ ሜትር። አናጺ የሚይዘው፣ የሚጠቀለለው ሜትር ይበቃል። አንዲት ልኬት ብቻ ብዙ ታሪክ ታወጣለች።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ቁጥሮች

መለካት ያለባችሁ የሐዲድ ስፋት ነው፤ ማለትም ከአንዱ ሐዲድ ውስጠኛ ጎን እስከ ሌላው ሐዲድ ውስጠኛ ጎን ያለው ርቀት። አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህን የምታደርጉት በሙዚየም ውስጥ ወይም አገልግሎት ባቆመ መስመር ላይ፣ ያውም አስፈቅዳችሁ ነው። ባቡር በሚሄድበት ሐዲድ ላይ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን መግባት የለም።

በእኛ አካባቢ ብትለኩ ከሦስት ቁጥሮች አንዱን ታገኛላችሁ።

የመጀመሪያው 1,000 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልክ አንድ ሜትር። ይህ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የመጣው የአሮጌው መስመር ስፋት ነው። መስመሩን የሠሩት ፈረንሳዮች በቅኝ ግዛቶቻቸው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ይህንን ስፋት ነበር።

ሁለተኛው 950 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን የምታገኙት ከምጽዋ አስመራ በሚወጣው መስመር ላይ ነው። ጣሊያኖች ለምን 50 ሚሊ ሜትር ቀነሱ? ነገሩ አስቂኝ ነው፤ አልቀነሱም! የጣሊያን ሕግ ስፋቱን ይለካ የነበረው ከአንዱ ሐዲድ መሀል እስከ ሌላው ሐዲድ መሀል ነበር። በእነሱ አለካክ አንድ ሜትር የሆነው፣ ሌላው ዓለም በሚለካበት መንገድ ከውስጥ ወደ ውስጥ ሲለካ 950 ሆነ። ይህን ቁጥር ካገኛችሁ የጣሊያን መሐንዲስ እዚያ ነበረ ማለት ነው።

ሦስተኛው 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ «መደበኛ» የሚባለው ስፋት ሲሆን መነሻው የእንግሊዙ ጆርጅ ስቲቨንሰን ነው። በ1830 የተከፈተው የሊቨርፑልና የማንቸስተር መስመር ከተሳካ በኋላ ስፋቱ ወደ ብዙ ሀገሮች ተዛመተ። በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄዱት በዚሁ ስፋት ነው።

እስቲ 1,435 ላይ 1,000 ቀንሱ። 435 ሚሊ ሜትር ቀረ፤ ከክርናችሁ እስከ ጣታችሁ ጫፍ፣ አንድ ክንድ ያህል። ይህቺን አንድ ክንድ አትርሷት። ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ለምን ጠባብ?

ጠባብ ሐዲድ የድህነት ምልክት የሚመስለው ሰው አለ። የሒሳብ ጉዳይ ነው።

የባቡር ጎማ እንደ መኪና ጎማ አይደለም። የግራና የቀኝ ጎማዎች በአንድ ድፍን ብረት የተያያዙ ስለሆኑ አብረው ይዞራሉ፤ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሊሽከረከር አይችልም። መንገዱ ሲታጠፍ ግን ውጪኛው ሐዲድ ከውስጠኛው ይረዝማል። በምን ያህል? ባቡሩ አንድ ሙሉ ክብ ዞረ እንበል። የሁለቱ ሐዲዶች የርዝመት ልዩነት የሐዲዱ ስፋት በ2 እና በፓይ (3.14) ሲባዛ የሚገኘው ነው። በአንድ ሜትር ስፋት 6.28 ሜትር ይሆናል። በ1,435 ስፋት ደግሞ 9 ሜትር ገደማ። ክቡ ትልቅ ሆነ ትንሽ፣ ልዩነቱ ያው ነው። ደብተራችሁ ላይ ሁለት ክብ ሥላችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ።

እንግዲህ ስፋቱ ሲጠብ ልዩነቱ ያንሳል፤ ባቡሩም ጠበቅ ባለ ጥምዝ ላይ ሳይቸገር ይታጠፋል። ተራራ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገደሉን ተከትለህ መጠማዘዝ ከቻልክ ተራራውን መብሳት የለብህም። የሚቆረጠው አለት ያንሳል፣ ድልድዩ ይጠባል፣ ገንዘቡም ይተርፋል። ዋጋው ደግሞ ፍጥነትና ጭነት ነው፤ በጠባብ ሐዲድ ላይ እንደ ልብ መሮጥም ሆነ መጫን የለም።

የቀረውን ልዩነት የሚያስታርቀው የጎማው ቅርጽ ነው። የባቡር ጎማ ወደ ውስጥ በኩል ሰፋ፣ ወደ ውጭ በኩል ጠበብ ያለ ነው። ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሁለት የፕላስቲክ ኩባያዎችን አፍ ለአፍ ገጥማችሁ በፕላስተር አጣብቁ። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎችን ጎን ለጎን እንደ ሐዲድ ዘቅዘቅ አድርጋችሁ ኩባያዎቹን ልቀቋቸው። ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብሉም ራሳቸውን አስተካክለው ወደ መሀል ይመለሳሉ። አሁን ደግሞ ኩባያዎቹን ቂጥ ለቂጥ አጣብቃችሁ ሞክሩ። ወዲያው ይወድቃሉ። የባቡር ጎማ ምሥጢር ይኸው ነው።

ሐረር ያልደረሰው ባቡር

አሁን ታሪኩን እንከተል። በ1894 ዓፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ የመዘርጋት ፈቃድ ለአማካሪያቸው ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ከኢልግ ጋር የሠራው ሊዮን ሸፍኑ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ዕቅዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረርን አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ መቀጠል ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ጀመረ።

ችግሩ ሐረር ተራራ ላይ ናት። ሐዲዱ ቆላውን አቋርጦ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ መሐንዲሶቹ ቀና ብለው አዩና ሒሳቡን ሠሩ። በጠባብ ሐዲድም ቢሆን ያንን ዳገት መውጣት ከባድ ወጪ ነበር። ስለዚህ ሐረርን ከላይ ትተው ከታች፣ ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ አጠገብ፣ በ1902 ጣቢያ ከፈቱ። ቦታውን መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ብለውት ነበር። ስሙ አልጸናም። የአካባቢው ስም አሸነፈና ድሬዳዋ ሆነ።

ድሬዳዋን እንደ ከተማ የፈጠራት አንድ ዳገት ነው ማለት ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ለዘመናት የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ነበረች። ባቡሩ ታች ሲቀር ንግዱም ቀስ በቀስ ታች ወረደ።

ድሬዳዋ ላይ ግን ነገሩ ቆመ። ገንዘብ አለቀ። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ፖለቲካ ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ውስጥ እጁን ሲያስገባ ምኒልክ አልተደሰቱም፤ የንግድ ፈቃድ ሰጥተው የሌላ መንግሥት እጅ ወደ ሀገራቸው መሀል ሲዘረጋ አዩ። እንግሊዝና ጣሊያንም በበኩላቸው ፈረንሳይ ብቻዋን መስመሩን እንድትይዝ አልፈለጉም። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ። በ1908 አዲስ ስምምነትና አዲስ ኩባንያ መጣ፤ ሐዲዱ እንደገና ተንቀሳቀሰና በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ ግን በ1913 አርፈው ስለነበር ባቡሩ ዋና ከተማቸው ሲደርስ አላዩም።

ከመጀመሪያው ሐዲድ እስከ መጨረሻው ሀያ ዓመት፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ ሦስት ቀን ወረደ። ሦስት ቀን የፈጀው ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ ነበር። መንገደኛው ድሬዳዋ ላይ ያድራል፣ አዋሽ ላይ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል።

ምን ይታያል? ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ

አዲስ አበባ ያላችሁ ከለገሃር ጀምሩ። አሁን የምታዩት የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው፤ ባቡሩ ከደረሰ ከ12 ዓመት በኋላ። ከፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ። በ1930፣ ከዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ዋዜማ የቆመው ይህ ሐውልት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተነቅሎ ሮም ተወሰደ፤ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። እዚያው ቆማችሁ ቀላል ባቡሩ ሲያልፍ ተመልከቱ። አሮጌው አንድ ሜትር ነው፣ አዲሱ 1,435። ሁለት ዘመን በአንድ አደባባይ ማለት ይህ ነው።

ወደ ምሥራቅ የምትሄዱ ከሆነ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን በካርታ ላይ ፈልጉና የአሮጌውን ጣቢያ ቦታ አስተውሉ። የድሮው ጣቢያ ዛሬ የሚገኘው በከተማው መሀል ወይም በአሮጌው ሰፈር አጠገብ ነው። የአዲሱ ባቡር ጣቢያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከከተማ ውጭ ናቸው። የአዲስ አበባው ለቡ፣ በከተማው ጠርዝ ነው። የድሬዳዋውም ከከተማው ወጣ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሮጌው ባቡር ሲመጣ ከተማው ገና ስላልነበረ በጣቢያው ዙሪያ አደገ። አዲሱ ሲመጣ ግን ከተማው ቦታውን ሁሉ ይዞ ጠበቀው።

አዋሽ ሰባት ላይ ከጣቢያው ፊት ለፊት «ቡፌ ዳዋሽ» የሚባለውን አሮጌ ሆቴል ታገኛላችሁ። እዚያ ሆቴል የኖረው በሌሊት የማይሄድ ባቡር ስለነበረ ነው። መንገደኛው የሆነ ቦታ መብላትና መተኛት ነበረበታ! አንድ የጊዜ ሰሌዳ አንድ ሆቴል ወለደ።

ዋናው ቦታ ግን ድሬዳዋ ነው። ከደቻቱ ወዲህ ከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ። በእግራችሁ ሁለቱንም ዙሩና መንገዶቹን አወዳድሩ። ከዚራ የባቡር ኩባንያው ሰፈር ነበረ፤ መንገዶቹ በማስመሪያ እንደተሠመሩ ቀጥ ያሉ፣ በዛፍ የተጠለሉ ናቸው። መጋላ የነጋዴው ሰፈር ነው፤ መንገዱ እንደ ሰው እግር ይዞራል። ከላይ የታቀደና ከታች ያደገ ከተማ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ ይልቅ እዚህ ይገባችኋል።

ከዚያ የምድር ባቡሩን ወርክሾፕ ለማየት አስፈቅዱ። እንግዳ ተቀብሎ የሚያስጎበኝ ሰው አይጠፋም። ቶርኖዎቹን፣ ትልልቆቹን መቆራረጫዎች፣ የቆሙትን ሎኮሞቲቮች እዩ። እዚያ የነበረው ሥራ መለዋወጫ መግጠም ብቻ አልነበረም፤ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ የማይቻለውን ዕቃ እዚያው ይቀርጹት ነበር። የሥራው ቋንቋም ፈረንሳይኛ ነበር። ዛሬም ፈረንሳይኛን ከባቡር የተማሩ አረጋውያንን በድሬዳዋ ታገኛላችሁ።

አንድ ክንድ የምታክል ልዩነት

አሁን ወደዚያች 435 ሚሊ ሜትር እንመለስ።

አሮጌው መስመር በሀያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እየደከመ ሄደ። መኪና ተፎካከረው። ጦርነት ቆራረጠው። የጥገና ገንዘብ አነሰው። በጥር 1985 አዋሽ አካባቢ አንድ የመንገደኛ ባቡር ጥምዝ ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ሐዲዱን ስቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጠባብ ሐዲድና ጠባብ ጥምዝ ከባቡሩ የሚጠይቁት አንድ ነገር፣ ዝግታ፣ ሲጣስ ምን እንደሚከተል የሚያሳይ አሳዛኝ ቀን ነው። በ2008 ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ።

ከዚያ አዲሱ መስመር መጣ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ፈጣን፣ ብዙ የሚጭን፣ ስፋቱ 1,435። በአንድ ቀን ጅቡቲ መግባት የሚቻልበት መስመር ነው፤ ጥቅሙ አያከራክርም። ነገር ግን በዚያች በአንድ ክንድ ልዩነት ምክንያት ከአሮጌው መስመር አንድም ሎኮሞቲቭ፣ አንድም ፉርጎ ወደ አዲሱ መሻገር አልቻለም። ሁለቱ ስፋቶች እኩል ቢሆኑ ኖሮ አሮጌው ፉርጎ ቢያንስ ተሳቢ ሆኖ ይቀጥል ነበር። አሁን የቀሩት ዕጣዎች ሁለት ናቸው፦ ወይ ቅርስ መሆን፣ ወይ ቁራጭ ብረት መሆን።

በሁለቱ መካከል የሚወስነው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የሚወስነው ሰው ነገሩን ማወቁ ነው። ቁራሌው በር ላይ ሲጮህ አያታችሁ ምን አውጥተው ይሰጣሉ? ማንም ምንነቱን የማያውቀውን ዕቃ ነዋ።

የጎረቤት ምሳሌ እንይ። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር አስመራ የደረሰው በ1911 ነው። በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ መሥሪያ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ በ1990ዎቹ መንግሥት መስመሩን መልሶ ለመሥራት ሲነሣ የጠራው የድሮ ሠራተኞቹን ነበር። ጡረታ የወጡ፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰዎች መጡ። ሐዲዱ ከየምሽጉ ተሰበሰበ። ጣሊያን በ1930ዎቹ ያመጣቻቸው የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ተጠገኑ። በ2003 መስመሩ እንደገና ከምጽዋ አስመራ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ባቡር ለማየት ብቻ ከሩቅ ሀገር የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ልብ በሉ፤ ብረቱ ተበታትኖ ነበር፤ ያልተበታተነው በሽማግሌዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ያለው እውቀት ነው። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ሐዲዱ ቢሰበሰብም ማን ይገጥመው ነበር?

ውጭ ሀገር ላላችሁ

ይህን ጽሑፍ ከአዲስ አበባ ርቃችሁ የምታነቡም አላችሁ። ለእናንተም ቅርብ ቦታ አይጠፋም።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከሆናችሁ ባልቲሞር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናት። እዚያ «ቢ ኤንድ ኦ» የባቡር ሙዚየም አለ። ሎኮሞቲቮቹ የቆሙት በ1884 በተሠራ ትልቅ ክብ ሕንፃ ውስጥ ነው። በየካቲት 2003 ከባድ በረዶ ጥሎ የጣሪያው ግማሽ ያህሉ በሎኮሞቲቮቹ ላይ ወደቀ። ሙዚየሙ ግን ተዘግቶ አልቀረም፤ ተጠግኖ በ2004 ተከፈተ። ቅርስ አንዴ ሙዚየም ገባ ማለት ዳነ ማለት እንዳልሆነ፣ በየጊዜው እንደገና መዳን እንዳለበት የሚያስተምር ቦታ ነው።

እስራኤል ያላችሁ ሐይፋ ሂዱና በሐይፋ ምሥራቅ ጣቢያ ያለውን የባቡር ሙዚየም ፈልጉ። ሜትራችሁን እዚህ አውጡት። ጣቢያው የኦቶማን መንግሥት የሠራው የሂጃዝ ባቡር አካል ነበር፤ የሂጃዝ መስመር ስፋት ደግሞ 1,050 ሚሊ ሜትር ነው። አራተኛ ቁጥር አገኛችሁ ማለት ነው!

እንግሊዝ ዮርክ ከተማ ውስጥ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም አለ። «ማላርድ» የምትባለዋ ሎኮሞቲቭ እዚያ ናት። በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጣ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን የፍጥነት ክብረ ወሰን ይዛለች። ጎማዋ አጠገብ ቆማችሁ ቁመታችሁን አስተያዩ፤ ትልቁ ጎማ ሁለት ሜትር ያህል ነው።

የትም ስትሄዱ አስቀድማችሁ ክፍት መሆኑን አጣሩ። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ለጥገና የሚዘጉበት ጊዜ አለ።

ሞዴሉና ቆርኪው

ሙዚየም ባለበት ከተማ ብዙ ጊዜ የሞዴል ባቡር ሱቅም አይጠፋም። የሙዚየሙን አስጎብኚ ጠይቁ፤ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሱቁ ስትገቡ «ስኬሉ ስንት ነው?» በሉ። ስኬል በካርታ ትምህርት «መስፈርት» የምትሉት ነው። በጣም የተለመደው 1 ለ 87 ነው፤ የእውነቱ ባቡር 87 ጊዜ አንሶ ማለት ነው። በዚህ ስኬል የሚሸጠው ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ87 አባዙት፦ 1,435 ይመጣል። የስቲቨንሰን ቁጥር መጫወቻ ሱቅ ውስጥም ተከትላችሁ መጣች!

ይህን ሥርዓት ያስያዙት መጫወቻ ሠሪዎች ናቸው። ሜርክሊን የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በ1891 ላይፕዚግ ገበያ ላይ ስፋታቸው የተወሰነ፣ እየተገጣጠሙ የሚረዝሙ የመጫወቻ ሐዲዶችን አቀረበ። ከዚያ በፊት የአንዱ መጫወቻ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም ነበር። ትልልቆቹ ባቡሮች የነበረባቸው የአንድ ክንድ ችግር በመጫወቻውም ዓለም ነበር ማለት ነው።

ሃምቡርግ ውስጥ ደግሞ መንታ ወንድማማቾች በ2001 የከፈቱት «ሚኒያቱር ቩንደርላንድ» አለ። ከ1,000 በላይ ትንንሽ ባቡሮች በተራራና በከተማ መካከል ይሄዳሉ። እዚያ ቆማችሁ አንድ ነገር አስቡ፦ የእኛን አሮጌ መስመር በ1 ለ 87 ብንሠራውስ? 784ን ለ87 ስናካፍል 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጅቡቲን ወለሉ ላይ ብናስቀምጥ አዲስ አበባ 27 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ዘጠኝ ፎቅ ያህል ላይ ትሆናለች። ያኔ ነው መሐንዲሶቹ ምን እንደወጡ የሚገባችሁ።

ውድ ሱቅ አጠገባችሁ ከሌለስ? ቆርኪ አለ። በሽቦና በቆርኪ መኪና ሠርታችሁ ታውቁ ይሆናል። የለስላሳ ቆርኪ ሰፊው ጠርዝ 32 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዲያሜትሩ አንድ ሜትር የሆነ የባቡር ጎማ በ1 ለ 32 ሲቀንስ 31 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ቆርኪ ነው በቃ! የአንድ ሜትር ስፋት ያለው የእኛ ሐዲድም በዚያው ስኬል 31 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሁለት ቀጥ ያሉ ሽቦዎችን የቆርኪ ወርድ ያህል አራርቃችሁ በካርቶን ላይ አጣብቁ፤ የለገሃር ሐዲድ ተዘረጋ። ከላዩ የምታስቀምጡትን ፉርጎ በፎቶ ሳይሆን በእውነተኛው ልኬት ሥሩት። አሮጌ ፉርጎ ካገኛችሁ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ የመስኮቱን ቁመት ለኩና እያንዳንዱን ለ32 አካፍሉ።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የለካችሁት ፉርጎ ከአምስት ዓመት በኋላ ቆሞ ላይገኝ ይችላል። ልኬቱ ደብተራችሁ ላይ ካለ ግን መልሶ የሚሠራው ሰው መነሻ አለው። የአስመራው ሐዲድ የዳነው በሚያስታውሱ ሰዎች ነው፤ ትውስታ ደግሞ ተጽፎ ሲቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጉዞ የባቡር ነገር ስታዩ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ስፋቱ ስንት ነው? ለምን እዚህ ቆመ፣ ለምን እዚያ አልደረሰም? እዚህ የሠራ ሰው በሕይወት አለ? የመጀመሪያውን በሜትር፣ ሁለተኛውን በካርታ ትመልሳላችሁ። ሦስተኛውን ግን አታቆዩት። ድሬዳዋ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አባት ካገኛችሁ «አባባ፣ ምድር ባቡር ሠርተው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጀምሩ። አዎ ካሉ ስልካችሁን አውጡና አስፈቅዳችሁ ቅዱ።